ፓርቲያችሁ ሲለሳለስ፦ ተደራደረ ወይስ ተሸጠ? እንዴት እንደምትለዩ

አንድ ፓርቲ ከተቀናቃኙ ጋር ቁጭ ብሎ ከተነጋገረ "ተሸጠ" ይባላል። አልነጋገርም ካለ ደግሞ "ግትር ነው፣ ሰው አስጨረሰ" ይባላል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የምንለው ምን እንደተሰጠና ምን እንደተገኘ ሳናይ ነው። ይህን የምጽፈው ጎጃም ውስጥ ሆናችሁ ፓርቲ ለመግባት ለምታስቡ፣ ገብታችሁም ልባችሁ ለተከፈለ፣ ወይም ምርጫ ሲመጣ ማንን ልምረጥ ብላችሁ ለምትጨነቁ ነው። ጠመንጃ በሚናገርበት ሰዓት የፓርቲ ወሬ ቅንጦት የሚመስለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እኔ ግን እዚህ ከደረስንባቸው ምክንያቶች አንዱ ይሄው ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፓርቲዎቻችን የቱ ላይ መጽናት፣ የቱ ላይ መደራደር እንዳለባቸው አልለዩም፣ እኛም አጥብቀን አልጠየቅናቸውም።

መጀመሪያ ፕሮግራሙንና መተዳደሪያ ደንቡን እጃችሁ አስገቡ። ምርጫ ቦርድ ያለ እነዚህ ሰነዶች ፓርቲ አይመዘግብም። በአዋጅ ቁጥር 1162/2011 መሠረት አገር አቀፍ ፓርቲ 10,000፣ ክልላዊ ፓርቲ ደግሞ 4,000 መሥራች አባላት ያስፈልጉታል፤ ያ ሁሉ ሰው የፈረመው በሆነ ሰነድ ስም ነው። ስለዚህ "ፕሮግራሙ አሁን እጃችን ላይ የለም" የሚል የወረዳ አስተባባሪ ካጋጠማችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ።

ስታነቡ ዓላማውን ከመንገዱ ለዩ። "አርሶ አደር ከመሬቱ ያለ በቂ ካሳ አይነሳም" ዓላማ ነው። ይህን ሕገ መንግሥቱን በማሻሻል እናሳካው ወይስ የክልሉን የመሬት ሕግ በማስተካከል፣ ብቻችንን እንሂድ ወይስ ከሌላ ፓርቲ ጋር ተጣምረን የሚለው መንገድ ነው። ከዚያ በወረቀት ላይ ሦስት ወይም አራት ነገር ብቻ ጻፉ፣ ፓርቲው እነዚህን ከለቀቀ እኔ የለሁበትም የምትሏቸውን። ሃያ ከሆኑ አልለያችሁም ማለት ነው። ወረቀቱን ድርድር ከመጀመሩ በፊት ጻፉት፤ ከተጀመረ በኋላ ሰው የሚያስበው በንዴት ወይም በጓደኝነት ነው።

ይህን አለመለየት ምን እንደሚያስከፍል በአብዮቱ ዘመን ከነበሩት ሁለት ፓርቲዎች፣ ከኢሕአፓና ከመኢሶን በላይ የሚያስተምር የለም። ሁለቱም ከአንድ የተማሪ እንቅስቃሴ የወጡ፣ ሁለቱም ማርክሳዊ፣ ሁለቱም "መሬት ላራሹ" ያሉ ነበሩ። የተለያዩበት ትልቁ ነገር መንገዱ ነው። ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይመሥረት አለ። መኢሶን ደግሞ ለደርግ "ሂሳዊ ድጋፍ" ሰጥቶ ከውስጥ ሆኜ ሕዝቡን አደራጃለሁ አለ። ከዚያ አንዱ ሌላውን እንደ ዋና ጠላት ቆጠረ፣ ከተሞች በደም ታጠቡ። ነሐሴ 1969 ላይ መኢሶን ራሱ ከደርግ ሸሽቶ ሥውር ሆነ፤ ብዙ መሪዎቹም ተይዘው ተገደሉ። አንዳንዱ ከዚህ "ንጹሕ አቋም የያዘው ትክክል ነበር" የሚል ትምህርት ይወስዳል፣ ሌላው ተቃራኒውን። እኔ የምወስደው ሌላ ነው። መኢሶን ድጋፉን ሲሰጥ ደርግ ቃሉን ባያከብር የሚያስገድድበት አቅም አልነበረውም፤ ኢሕአፓም እምቢ ሲል እምቢታው ካልሠራ ከጠመንጃ በቀር ሌላ በር አላበጀም።

ስለዚህ ፓርቲያችሁ "ተስማምተናል" ብሎ ሲመጣ የሚጠየቀው እንዲህ ነው። ምን ሰጠን፣ ምን ተቀበልን? ማን ወሰነ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ነው፣ ሥራ አስፈጻሚው ነው ወይስ ሆቴል ውስጥ የተገናኙ ሁለት ሰዎች? በጽሑፍ አለ? ሌላው ወገን ቃሉን ቢያፈርስ መውጫችን የት ነው? አራቱንም የሚመልስ ፓርቲ ብዙ ነገር ቢለቅ እንኳ ተደራድሯል። "ለጊዜው ምስጢር ነው፣ እመኑን" የሚል ፓርቲ ግን ምንም ባይለቅ እንኳ ልትጠረጥሩት ይገባል።

በቅርቡ የሆነውን በዚህ መዝኑት። በ2013ቱ ምርጫ ሁለት ተቃዋሚ ፓርቲዎች፣ አብን (የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ) 5፣ ኢዜማ (የኢትዮጵያ ዜጎች ለማኅበራዊ ፍትሕ) 4 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ አገኙ፤ የምክር ቤቱ ጠቅላላ መቀመጫ 547 ነው። መስከረም 2014 ላይ መንግሥት ሲመሠረት የኢዜማው መሪ የትምህርት ሚኒስትር፣ የአብኑ ሊቀመንበር የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር ሆኑ። ያን ጊዜ ጭቅጭቁ ሁሉ "መግባት ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም" ላይ ቀረ። ትክክለኛው ጥያቄ ሹመቱ ለግለሰቡ ነው የተሰጠው ወይስ ለፓርቲው ፕሮግራም የሚል ነበር። ከፕሮግራማቸው የትኛው አንቀጽ በሹመቱ ምክንያት ሥራ ላይ ዋለ? ያንን በጽሑፍ ያስቀመጠ ስምምነት አባላት አዩ? ወንበር ብቻውን ውጤት አይደለም። በሌላ በኩል ከአብን ተመራጮች አንዱ ክርስቲያን ታደለ የመንግሥትን ወጪ የሚቆጣጠረውን ቋሚ ኮሚቴ ሲመራ፣ መሥሪያ ቤቶችን በኦዲት ግኝት ሲያፋጥጥ በቴሌቪዥን አይተናል። በ2015 መጨረሻ መታሰሩ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱም ያማል። ግን በአምስት ወንበርም ቢሆን ቦታውን ከመረጡት የሚሠራ ነገር እንዳለ አሳይቷል።

የአራት ፓርቲዎች ጥምረት የነበረውን ቅንጅትንም አስታውሱ። በ1997 የአዲስ አበባን ምክር ቤት ከ138 መቀመጫ 137 አሸንፎ፣ ፓርላማ ግቡ አትግቡ የሚለው ክርክር ከውስጥ ሰነጠቀው፤ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ከተመረጡት ከፊሎቹ ገቡ፣ ከፊሎቹ አልገቡም። የተሰረቀ ድምፅ አለ ብሎ የሚያምን ሰው አልገባም ማለቱ ይገባኛል። ያጠፋቸው መልሱ ሳይሆን መልሱን ከምርጫው በፊት አለመስማማታቸው ይመስለኛል። አራት ፓርቲ ሆናችሁ ስትጣመሩ "ብንሸነፍ፣ ብናሸንፍ፣ ብንጭበረበር ምን እናደርጋለን" የሚለውን ቀድማችሁ ፈርሙ።

አሁን ስለ "ንጹሖቹ"። አቋም ያለው ሰው ያስፈልጋል፤ እሱ ከሌለ ፓርቲ የሥራ ማመልከቻ ማስገቢያ ይሆናል። ግን አቋም ያለውን ከሰው አጣሪው ለዩ። አጣሪው ከፖሊሲ ይልቅ ስለ ሰዎች ማንነት ያወራል፣ "ባንዳ" "ሰርጎ ገብ" ይላል፣ ጥያቄ ያነሳውን የትውልድ ቦታና የአባቱን ታሪክ ይቆፍራል። እኛ ጎጃሞች ይህ መንደር ሲገባ ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። በ1989 የመሬት ሽግሽግ "ቢሮክራት" እና "የፊውዳል ርዝራዥ" የሚል ስም የተለጠፈበት አርሶ አደር ቢበዛ አንድ ሄክታር ብቻ ቀረለት። በደርግ ጊዜ በቀበሌ አመራርነት የሠራ ሁሉ፣ ቢበድልም ባይበድልም፣ ቢሮክራት ተባለ። ያ ስም የስንት ቤት እህል ቀነሰ! ስለዚህ ፓርቲያችሁ ውስጥ ሰውን በስም መፈረጅ ሲጀመር በዚያው ስብሰባ እጃችሁን አውጡና "ምን ሠራ? ማስረጃው የታለ?" በሉ። ለሚቀጥለው ስብሰባ አታሳድሩት።

ወደ ባለጉዳዮቹ ልምጣ፣ ባለሥልጣንን ለአንድ ወገን ጥቅም ወደሚወተውቱት፣ ሎቢስት ወይም ወትዋች ወደምንላቸው። አሜሪካ ውስጥ ይህ በሕግ የታወቀ ሥራ ነው። ለውጭ መንግሥት የሚሠራ ወትዋች እንዲመዘገብ የሚያስገድድ ሕግ ከ1938 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላቸው፤ መዝገቡ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ኤች አር 2003 የሚባለው ስለ ኢትዮጵያ ዴሞክራሲ የተረቀቀ ሕግ በተወካዮች ምክር ቤታቸው ሲያልፍ፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን ድርጅት ቀጥሮ እንዳይጸድቅ ይወተውት ነበር፤ በሌላው ወገን ደግሞ ዲያስፖራው እንዲጸድቅ ይወተውት ነበር። ሕጉ ሴኔት ላይ ቀረ። ማን ከፈለ፣ ለማን ከፈለ የሚለውን ግን ዛሬም መዝገቡን ከፍቶ ማየት ይቻላል።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ መዝገብ የለም፤ ጉዳዩ ግን አለ፣ ያውም ድሮ ጀምሮ። በጃንሆይ ዘመን የጭሰኛና የባለመሬትን ግንኙነት የሚያሻሽለው ረቂቅ ሕግ ባለመሬቶች በሞሉበት ፓርላማ ዓመታት ተኝቶ ሳይጸድቅ አብዮቱ መጣ። ወትዋች መቅጠር አላስፈለጋቸውም፣ እነሱው ወንበሩ ላይ ነበሩ። ዛሬ ወረዳ ላይ ስሙ ሌላ ነው፦ ባለሀብት፣ ኮንትራክተር፣ ደላላ፣ "የድርጅቱ ወዳጅ"። የሚያሳስበው ማውራታቸው አይደለም፣ ነጋዴም ዜጋ ነው። የሚያሳስበው በር ዘግተው ማውራታቸው ነው።

እንዴት ትከታተሉታላችሁ? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ከወጪው ጀምሩ። የአዳራሹን ኪራይ፣ የመኪናውን ነዳጅ፣ የባነሩን ህትመት ማን ከፈለ? ፓርቲ በየዓመቱ ሒሳቡን አስመርምሮ ለምርጫ ቦርድ ማቅረብ አለበት፤ ከውጭ ዜጋና ምንጩ ካልታወቀ ሰው ገንዘብ መቀበልም ክልክል ነው። አባል ከሆናችሁ ሪፖርቱን ጠይቁ። ቀጥሎ የአቋም ለውጦችን ቀን መዝግቡ። ፓርቲው በቅስቀሳ ጊዜ ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ከተማ ዳር መሬት ወይም ስለ ድንጋይ ካባ አንድ ነገር ብሎ፣ በኋላ ቃሉን ከለሰ ከማን ጋር ከተገናኘ በኋላ ነው? የሚጠቀመው ማነው? የሚጎዱት ተጠርተው ተሰምተዋል? ሦስተኛው መልስ "አልተጠሩም" ከሆነ ቀሪውን ለማወቅ ሩቅ አትሄዱም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ማስረጃ ሳትይዙ ሰው በስም አታንሱ። ቀደም ብዬ የከሰስኩትን አጣሪ ትሆናላችሁ።

የመጨረሻው ነገር፣ እናንተም ወትውቱ። ጎጃም ደጅ ከመጥናት ጀምሮ ሁሉንም ሞክሮታል። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ አርሶ አደሩ መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነካ ነው ብሎ መጀመሪያ አቤት አለ፣ ሰሚ ሲያጣ አመጸ፤ በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ተነሱ፣ የግብር ውዝፉም ተሰረዘ። በ1989 ደግሞ ለሽግሽጉ አቤቱታ አዲስ አበባ ድረስ ሄደ፤ ያን ጊዜ የደገፉት ተማሪዎች ታሰሩ። አቤቱታ ሁልጊዜ ይሠራል አልልም። ሲሠራ ግን እንዲህ ነው የሚሠራው።

ጥያቄው አንድ ገጽ ይሁን፣ አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ። "ችግራችን ይፈታ" አይደለም፤ የትኛው መመሪያ፣ የትኛው አንቀጽ፣ ምን ተብሎ ይቀየር የሚል ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበር፣ በመምህራን ማኅበር ወይም በነጋዴዎች ስም አስገቡት፤ ለብቻ የሄደ ሰው በቀላሉ ይመለሳል፣ በቀላሉም ይገዛል። የአገር ውስጥ ሲቪል ማኅበራት ሕግ እንዲሻሻል ሐሳብ የማቅረብ መብታቸው በአዋጅ 1113/2011 ተከብሯል፤ በ2001ዱ አዋጅ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙት በመብት ጉዳይ መሥራት ተከልክለው ነበር፣ ያ ቀርቷል። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቀንና ቁጥሩን ቅጂው ላይ አስጽፉ። ያንኑ ገጽ ለገዢውም ለተቃዋሚውም ፓርቲ ስጡ፣ ቃሉን ሳትቀይሩ። ሲያነጋግሯችሁ ከሁለት ሰው ባላነሰ ሂዱ፣ እጅ መንሻ የሚባል ነገር ይዛችሁ አትሂዱ፣ የተባለውን በዚያው ቀን ጽፋችሁ ለላካችሁ ሰው ሁሉ አንብቡ። እጩ ቃል ከገባላችሁ በዚያችው ገጽ ግርጌ ያስፍረው፣ ይፈርምበት። አልፈርምም ካለ ምክንያቱን ጠይቁና እሱንም ጻፉት። ቅጂውን ማኅበሩ ፋይል ውስጥ አኑሩ፤ ከተመረጠ ከዓመት በኋላ ይዛችሁት የምትገቡት እሱን ነው።