የልብ ምት መለኪያው ደህና ነው፤ ዳታው ግን የት ገባ?

ሰው የልብ ምት መለኪያውን ይዞ ይመጣና «ተበላሸብኝ» ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። ምቱን በደንብ ይቆጥራል። ጣጣው የቆጠረውን ለባለቤቱ አለመስጠቱ ነው። ስለዚህ ይሄ ጽሑፍ ያለውን ማስተካከል ለሚፈልግም፣ አዲስ ሊገዛ ላሰበም ይሆናል። ብሉቱዙን አብሩ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ የደረት ቀበቶውን ገልብጣችሁ እንዳላሰራችሁት እዩ አልልም። እሱን ጨርሳችሁ ነው የመጣችሁት ብዬ ልጀምር።

«ገና ሳያልበኝ 200 ይለኛል»

ደረቅ ቀበቶ፣ ደረቅ ቆዳ። የደረት ቀበቶ የሚያዳምጠው ልብ በመታ ቁጥር የሚፈጠረውን ትንሽዬ ኤሌክትሪክ ነው። እርጥበት ከሌለ ኤሌክትሪኩ ወደ ቀበቶው የሚሻገርበት መንገድ የለም። በዚያ ላይ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሆነ ማሊያ ደረት ላይ ሲርገበገብ ስታቲክ፣ ማለትም ከመፋተግ የሚመጣ ኤሌክትሪክ፣ ይፈጥራል፤ ቀበቶው እሱንም ምት ነው ብሎ ይቆጥረዋል።

ከማሰራችሁ በፊት ሁለቱን የጎማ ንጣፎች በውሃ አርጥቡ። ምራቅም ይሆናል፣ ማንም አያይም። አስር ደቂቃ ሮጣችሁም ቁጥሩ እንደ ፌንጣ ከዘለለ ጨርቁ ውስጥ የላብ ጨው ተጋግሯል ማለት ነው። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና እጠቡት። ቀበቶው ላይ የሚሰካውን ሴንሰር ነቅላችሁ! በረኪና አታስነኩት። የልብስ ማለስለሻም አታድርጉበት። ታጥቦ ካልዳነ ጨርቁን ብቻ ቀይሩ። ሴንሰሩን አብሮ የሚጥል ሰው አይቻለሁ፣ አንጀቴን ነው ያሳረረኝ።

«ስሮጥ ሰዓቱ 170 ላይ ሙጭጭ ይላል»

የእጅ ሰዓት ኤሌክትሪክ አያዳምጥም። አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ውስጥ ይልክና የሚመለሰውን ያነባል። ሰዓቱ ላላ ካለ በየእርምጃው ይነቃነቃል፤ እርምጃውንና የልብ ምቱን ያምታታል። ብዙ ሯጭ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 እርምጃ ይረግጣል። 170ው ከዚያ ነው የመጣው። ከእጅ አንጓ አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ አውጡትና ጠበቅ አድርጉት። ንቅሳት ላይ አይሁን። ብርድም ያሳስተዋል። አንዴ ፈጠን አንዴ ዝግ እያላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ሰዓቱን ተዉትና ቀበቶ እሰሩ።

«ባትሪ ይበላል»

ሴንሰሩን እርጥብ ቀበቶ ላይ እንደተሰካ ቦርሳ ውስጥ ወርውራችሁታል። እሱ ደረት ላይ ያለ ይመስለዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያድራል። ከልምምድ በኋላ ንቀሉት፣ በቃ።

ባትሪ ስትቀይሩ ቁጥሩን አንብቡ። ሲአር 2025 እና ሲአር 2032 ስፋታቸው አንድ ነው፣ 20 ሚሊሜትር። ውፍረታቸው ግን 2.5 እና 3.2 ነው። አንዱ ልጅ «ያው ነው» ብሎ ወፍራሙን በጉልበት አስገብቶ ክዳኑን ሰነጠቀው። ከዚያ ላቡ በስንጥቁ ገባ፣ ስከፍተው የውስጡ ብረት አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ዝገት ለብሷል። ሌላም አለ። ሕፃናት እንዳይውጡት ተብሎ መራራ ነገር የተቀባ ባትሪ አንዳንዴ በደንብ አይነካካም። አዲስ ባትሪ አድርጋችሁ ካልተነሳ መጀመሪያ ያልተቀባ ሞክሩ።

«ስልኬ አያየውም»

ሌላ ነገር ይዞታል። ብዙ ቀበቶ በብሉቱዝ የሚያወራው በአንድ ጊዜ ከአንድ መሣሪያ ጋር ብቻ ነው። ቦርሳ ውስጥ ያለው ሰዓታችሁ ቀድሞ ከያዘው ስልኩ ምንም አያይም። ሁለተኛው ስህተት ከስልኩ የብሉቱዝ ሴቲንግ ገብቶ ማገናኘት ነው። እዚያ አታገናኙት! ከአፑ ውስጥ ነው። አንት ፕላስ የሚባለው፣ እንደ ብሉቱዝ ያለ ሌላ ገመድ አልባ መንገድ፣ ለብዙ መሣሪያ ባንዴ ይልካል፤ አይፎን ግን አንት ፕላስ አይሰማም።

ለዋናተኛ አንድ መስመር፦ የብሉቱዝ ሞገድ ውሃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም፣ በራሱ ማህደር የሚይዝ ቀበቶ ያስፈልጋችኋል።

«ፋይሉ ወጣ፣ የልብ ምቱ ግን የለም»

እነሆ ዋናው። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሰው በዚህ ይመጣብኛል።

አንዲት ሯጭ ለግማሽ ማራቶን እየተዘጋጀች በየቀኑ ፋይል ለአሠልጣኟ ትልካለች። ከጊዜ በኋላ አሠልጣኙ «የልብሽ ምት የት አለ?» አላት። ቀበቶው ሞቷል ብላ አዲስ ገዛች። በአዲሱም የለም። እኔ ጋ ስትመጣ ፋይሉን ተራ የጽሑፍ መክፈቻ ላይ ከፈትኩት። ኬንትሮስ፣ ኬክሮስ፣ ከፍታ፣ ሰዓት። በቃ፣ ሌላ የለም። ጂፒኤክስ የሚባል የፋይል ዓይነት ነው። ጂፒኤክስ የተሠራው መንገድ ለመመዝገብ ነው። የልብ ምት የሚገባበት ቦታ በመሠረቱ የለውም፤ ሲገባም እንደ ተቀጥላ ነው፣ አንዳንድ አፕ ደግሞ ተቀጥላውን ቆርጦ ይጥለዋል። እዚያው አፕ ላይ፣ ከታች፣ «ኦሪጅናሉን አውርድ» የሚል ነገር ነበር። ስታወርደው የልብ ምቷ በየሰከንዱ ቁጭ ብሏል። የሁሉም ቀን። አሮጌው ቀበቶ ምንም አልሆነም ነበር።

እናም ምርጫ ካላችሁ ኦሪጅናሉን፣ ማለትም ፊት የሚባለውን ፋይል አውርዱ (የሰው ፊት አይደለም፣ የፋይል ዓይነት ነው)። በዓይን አይነበብም፤ ግን ሁሉንም ይይዛል። እሱ ከሌለ ቲሲኤክስ። እሱ ለልብ ምት የራሱ ቦታ አለው፣ በጽሑፍ መክፈቻም ይታያል። ጂፒኤክስ የመጨረሻ ነው። ፋይሉ ወጥቶ ነጥቦቹ እዚህም እዚያም የተዘራ ጤፍ ከመሰሉ ደግሞ የሰዓቱን ሴቲንግ እዩ። አንዳንዱ ማህደር ለመቆጠብ ለውጥ ሲኖር ብቻ ነው የሚመዘግበው። «በየሰከንዱ» የሚለውን ምረጡ።

ይሄ ቀላሉ ነው። የባሰው ሲመጣ አፑ ራሱ ቆጣቢ ነው። አንድ ወዳጄ የእጅ አምባር ገዛ። ስክሪኑ ላይ ግራፉ ያምራል፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሁሉም አለ። ኤክስፖርት ሲያደርገው፣ ማለትም ዳታውን ከአፑ ሲያወጣው፣ ሠንጠረዥ መጣ። ቀን፣ ርዝመት፣ አማካይ፣ ከፍተኛ። የ40 ደቂቃ ልፋቱ አንድ ረድፍ! ለድርጅቱ ጻፈ። ስላገኙን እናመሰግናለን አሉት፣ ሌላ ምንም አላሉትም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው በር አለ። በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የግል መረጃ ሕግ ሰው የራሱን መረጃ ኮምፒውተር በሚያነበው መልክ የመውሰድ መብት ይሰጣል። ስለዚህ ብዙ ድርጅት አፑ ላይ ካለው ኤክስፖርት ሌላ፣ አካውንት ሴቲንግ ውስጥ «ዳታዬን አውርድ» የሚል ነገር አስቀምጧል። በሱ ጠየቅን። በማግስቱ ዚፕ መጣ። ውስጡ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ጄሰን (ኮምፒውተር የሚያነበው የጽሑፍ) ፋይል፣ በየጥቂት ሰከንዱ አንድ ንባብ። ሲደብቁት ነበር ማለት ነው! ሰዓቱ የተዛባ ከመሰላችሁ አትደንግጡ፣ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ስለሚጽፉ ነው።

ሦስተኛው መድኃኒት የለውም። መሣሪያው ከራሱ አፕ ሌላ ከማንም አያወራም፣ አፑ ደግሞ ሁሉንም ድርጅቱ ሰርቨር (የሩቅ ኮምፒውተር) ላይ ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ሰው የሦስት ዓመት ልምምዱ እንዲህ ተቀምጦለት ነበር። ድርጅቱ አገልግሎቱን ዘጋ። የማስጠንቀቂያው ኢሜይል ከማስታወቂያ ጋር ተደባልቆ ሳይከፈት ቀረ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። ዳታ ፋይል ሆኖ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካልተቀመጠ የእናንተ አይደለም። በወር አንዴ አውርዱ።

ለሚገዛ ሰው

ካርቶኑ ላይ «ብሉቱዝ» መባሉ ምንም አይነግራችሁም። ኤንአርኤፍ ኮኔክት የሚባል ነጻ አፕ ስልካችሁ ላይ ጫኑ። መለኪያውን እሰሩት፣ በአፑ ፈልጉት፣ ክፈቱት። «ኸርት ሬት» የሚል አገልግሎት፣ ቁጥሩ 180ዲ፣ ከታየ መደበኛውን ቋንቋ ይናገራል፤ የፈለጋችሁት የልምምድ አፕ ያነበዋል። ትርጉም የሌለው ረጅም ኮድ ብቻ ከደረደረ ግን የአንድ አፕ እስረኛ ነው። ሰዓት ከሆነ መጀመሪያ የልብ ምት ማሠራጫውን አብሩለት። አፕል ዋች እንዲህ ለሌላ መሣሪያ አያሠራጭም። ዳታውን ግን ከስልኩ የጤና አፕ ሙሉውን ኤክስኤምኤል በሚባል የጽሑፍ ፋይል ማውጣት ይቻላል፤ ፋይሉ በጣም ከባድ ስለሆነ በስልክ ለመክፈት አትሞክሩ።

በእያንዳንዱ ምት መካከል ያለውን ጊዜ የምትፈልጉ ከሆነ ቀበቶ ግዙ። ያ ቁጥር አርአር ይባላል፤ በብሉቱዝ የሚላከው በሰከንድ 1/1024 ተሸንሽኖ ነው። ሁሉም መሣሪያ አይልከውም፣ ስለዚህ ሻጩን ሳይሆን አፑን ጠይቁ። እኔ ለጠየቀኝ ፖላር ኤች 10 የሚባለውን የደረት ቀበቶ እላለሁ። አርአር ይልካል፣ በብሉቱዝ ሁለት መሣሪያ ባንዴ ይቀበላል፣ አንት ፕላስም አለው። አንድ ልምምድ በራሱ ማህደር ይይዛል፤ ያንን ለማውጣት ግን የራሱን አፕ ይፈልጋል፣ እሱ ቅር ይለኛል።

የማይታወቅ ስም ያለው ቀሽም አምባር ከሆነ አንድ ሙከራ ጨምሩ። አንዱን ፎጣ ጠቅልዬ አሰርኩበት። ፎጣው 74 ምት ነበረው። እንዲህ ካያችሁ አታስተካክሉት፣ ለማስተካከል የሚሆን ነገር የለውም፤ ካርቶኑን ሳትጥሉ በዚያው ቀን መልሱት።