የቡስት ጌጁ ለምን አይነሳም? ሱፐርቻርጀር የተገጠመላቸው አሮጌ ፒክአፖች ችግርና መፍትሄ

እንደ ሼቭሮሌ ሲ-10 ወይም ፎርድ ኤፍ-100 ባለ አሮጌ ፒክአፕ ላይ ሱፐርቻርጀር (አየር እየጨመቀ ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) ከተገጠመ የቡስት ጌጅ (የሚፈጠረውን ግፊት፣ ማለትም ቡስቱን፣ የሚያሳይ መለኪያ) የግድ ያስፈልጋል። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ በጆሮ ብቻ መለየት ከባድ ነው፤ እስክትነቁ ፒስቶን ሊቀልጥ ይችላል። ብዙ ሰው ጌጁ አልሰራም ብሎ ሌላ ይገዛል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጌጁን ሳይሆን ቱቦው የተሰካበትን ቦታ ነው።

መርፌው ከዜሮ በላይ ጨርሶ አይወጣም

ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳትረግጡ ሞተሩ ሲሠራ) ቫኪዩም፣ ማለትም ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት፣ ያሳያል። ቤንዚን ስትረግጡ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ግን አያልፍም።

እንደ 6-71 ባሉ የሩትስ ዓይነት ሱፐርቻርጀሮች ላይ ካርቦራተሩ (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው) የሚቀመጠው ከላይ ነው። ሱፐርቻርጀሩ አየርና ቤንዚኑን ከካርቦራተሩ ስቦ ወደ ታች፣ ለሲሊንደሮቹ ወደሚያከፋፍለው ኢንቴክ ማኒፎልድ ይገፋል። ስለዚህ ቡስት ያለው ከሱፐርቻርጀሩ በታች ብቻ ነው። ቱቦውን ካርቦራተሩ ላይ ካለው የቫኪዩም ቀዳዳ ከወሰዳችሁ የምትለኩት የሚሳብበትን ወገን ነው። በዚህ በኩል የዓለም ውዱ ጌጅም ቡስት አያሳይም።

መፍትሄው ቱቦውን ከማኒፎልዱ መውሰድ ነው። ብዙ ማኒፎልዶች በቡሎን የተደፈነ ቀዳዳ ስላላቸው መጀመሪያ እሱን ፈልጉ። መብሳት ግድ ከሆነ ማኒፎልዱን አውርዳችሁ ብሱት፤ የብረት ብናኝ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ሞተሩን ይጨርሰዋል።

እዚያው እያላችሁ ካርቦራተሩንም እዩ። የሆሊ ካርቦራተር ፓወር ቫልቭ (ሞተሩ ሲጫን ተጨማሪ ቤንዚን የሚሰጠው) የሚከፈተው ቫኪዩም ሲወርድ ነው። ከላይ ቫኪዩም እያለ ከታች ቡስት ሊኖር ይችላል። ያኔ ቫልቩ ተዘግቶ ይቀራል፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ፒስቶን ይቀልጣል። ለሱፐርቻርጀር የተዘጋጀ ካርቦራተር የፓወር ቫልቩን ምልክት የሚወስደው ከማኒፎልዱ ነው። ይህን ሳታረጋግጡ አጥብቃችሁ አትርገጡ።

መርፌው ትንሽ ብቻ ይነቃነቃል

ጌጁ ለናፍጣ መኪና የተሠራ፣ እስከ 60 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚያነብ ሊሆን ይችላል። የመንገድ ፒክአፕ ብዙ ጊዜ የሚሠራው በ6 እና በ8 ፒኤስአይ መካከል ነው። በአንድ በኩል 30 ኢንች ቫኪዩም (በሜርኩሪ ኢንች የሚለካ)፣ በሌላው 15 ወይም 20 ፒኤስአይ የሚያሳይ ግዙ። ቫኪዩም የማያሳየውን አልመክርም፤ የሞተሩን ጤና ሚኒሞ ላይ የሚነግራችሁ ያ ወገን ነው።

ቡስቱ ወጥቶ ሞተሩ ሲፈጥን ይወርዳል

ሱፐርቻርጀሩን የሚያዞረው ቺንጋ እየተንሸራተተ ነው። ፊቱ እንደ መስታወት ካንጸባረቀ ቀይሩት፣ ውጥረቱንም አስተካክሉ። ቡስት ለመመለስ ብላችሁ ትንሽ ፑሊ አትግጠሙ፤ የሚንሸራተት ቺንጋ የባሰ ይንሸራተታል።

ሚኒሞ ላይ መርፌው ይንቀጠቀጣል

ትልቅ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ካለው የሚጠበቅ ነው። ቱቦው ውስጥ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ማጥበቢያ አስገቡ።

ሞተሩ ጠፍቶም ዜሮ ላይ አይቆምም

ሜካኒካል ጌጅ ከሆነ ውስጡ ተጣሟል። ሞተሩ ወደ ካርቦራተሩ መልሶ ሲተኩስ የሚፈጠረው ግፊት ይህን ያደርጋል፤ ይቀየር። ባለ ሴንሰር ከሆነ ግን ከመጣላችሁ በፊት የምትኖሩበትን ከፍታ አስቡ። የአየር ግፊት በባሕር ወለል 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን ከፍታ ላይ ባለችው የአሜሪካ ከተማ ዴንቨር 12 ገደማ ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ጌጅ እዚያ 5 ኢንች ያህል ቫኪዩም ቢያሳይ አልተበላሸም።

ሜካኒካል ወይስ ባለ ሴንሰር?

ካርቦራተሩ ከላይ ከሆነ ማኒፎልዱ ውስጥ ያለው ቤንዚን የተቀላቀለበት አየር ነው። የሜካኒካል ጌጅ ቱቦ ያንኑ ወደ ጋቢና ያመጣል፤ ቢሰነጠቅ እሳት ነው። ስለዚህ መኪናው 12 ቮልት ከሆነ ባለ ሴንሰሩን ምረጡ። እስከ 1955 እ.ኤ.አ. የነበሩት ፎርዶች ግን 6 ቮልት ናቸው፣ ቦዲው ላይ የሚታሰረውም ፖዘቲቩ ነው። የዛሬ ሴንሰር እዚያ ላይ ቀጥታ አይሠራም። ኤሌክትሪኩን ካልቀየራችሁ ሜካኒካሉን ግጠሙ፤ ቱቦው የብረት ይሁን፣ ከጭስ ማውጫው ይራቅ፣ ወደ ጋቢና በሚገባበት ቀዳዳ ላይም ጎማ ይኑረው።