የስንብት ወረቀት ሲሳሳት፦ ለሰሜን ሸዋ የቀድሞ ወታደሮችና ቤተሰቦቻቸው ችግርና መፍትሔ

በስንብት ወረቀት ላይ ያለ ስህተት ለዓመታት ሳጥን ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ጡረታ ሲጠየቅ ወይም ወታደሩ አርፎ ባለቤቱ መብቷን ስታነሣ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ወደ ቀበሌው ይሮጥና «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚል ደብዳቤ ያጽፋል። ደብዳቤው ክብ ማኅተም አለው፣ ቲተር አለው፤ ስህተቱን ግን አያርምም። ስህተት የሚታረመው በተፈጠረበት መዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ ከመሐል ሜዳም ይነሡ ከአረርቲ፣ ለመኪና ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ስህተቱ የት እንደገባ ይለዩ።

የስንብት ደብዳቤውን፣ የጡረታ ውሳኔ ካለዎት እርሱን፣ የፋይዳ መታወቂያዎንም ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ስም ከነአያት፣ የልደት ዘመን፣ የትውልድ ቦታ፣ የመለያ ቁጥር፣ ማዕረግ፣ ሠራዊቱን የተቀላቀሉበትና የተሰናበቱበት ቀን፣ የስንብት ምክንያት፤ እያንዳንዱን በሌላ ወረቀት ላይ ይገልብጡ። ስንብቱ ትክክል ሆኖ ጡረታው ከተሳሳተ ጉዳይዎ ከመንግሥት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ጋር ነው። ስንብቱ ራሱ ከተሳሳተ ግን የሚያርመው መከላከያ ነው፤ ጡረታ ክፍሉ የተላከለትን ይዞ ከመቀጠል ሌላ ምርጫ የለውም። በኦሪጂናሉ ላይ በእርሳስም ቢሆን ምንም አይጻፉ። ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ እውነት ቢናገርም የሚሰማው የለም።

ስሙ አልገጥም ሲል

ሦስት መንስኤዎች አሉ፤ ክብደታቸው እኩል አይደለም።

አንዱ የፊደል ነገር ነው። አንድ ጸሐፊ «ኃይሌ» ይላል፣ ሌላው «ሀይሌ»፤ አንዱ «ሥላሴ»፣ ሌላው «ስላሴ»። ለሰው ጆሮ ልዩነት የለውም፤ ኮምፒውተር ግን ጆሮ የለውም። ለዚህ ፍርድ ቤት መሄድ አያስፈልግም። ሁለቱም አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ የወረዳ መሸኛ ከመታወቂያ ቅጂ ጋር ማያያዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ሌላው ጥምር ስም ነው፤ በእኛ አገር የሚበዛውም ይኸው ነው። ወታደሩ ኃይለ ማርያም ወልደ ጻድቅ ደምሴ ይባላል እንበል። ቅጹ ሦስት ሳጥን ብቻ አለው። ጸሐፊው በቃል በቃል ይሞላዋል፦ ኃይለ፣ ማርያም፣ ወልደ። በአንድ ብዕር አባትየው ማርያም፣ አያትየው ወልደ ሆኑ፤ ጻድቅና ደምሴ ከመዝገቡ ጠፉ። ይህን ለማሳረም ስሙ ሳይሸራረፍ የተጻፈበት አሮጌ ወረቀት ይፈልጉ፤ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬት፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የገበሬ ማኅበር ደረሰኝ፣ የመሬት ይዞታ ደብተር። በማመልከቻው ላይ የተሳሳተውን አጻጻፍ በአንድ መስመር፣ ትክክለኛውን ከሥሩ ያስቀምጡ። መዝገብ ቤት ያለ ሰው አንድ ገጽ ማብራሪያ ከማንበብ ሁለት መስመር ማነጻጸር ይቀለዋል።

ከባዱ በሌላ ስም መዝመት ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ጠራ፤ አገልግሎቱ ሥልጠናውን ጨምሮ 30 ወር ነበር። ኮታ ነበር፣ አፈሳም ነበር። በታላቅ ወንድሙ ስም የሄደ አለ፤ ሲያዝ ስሙን አዛብቶ የተናገረና በዚያው የቀረም አለ። እዚህ ላይ የወረዳ ፍርድ ቤት ግድ ይላል። የሚጠይቁት ዳኝነት ግን «ስሜ ይለወጥልኝ» መሆን የለበትም፤ «በሁለቱም ስሞች የምጠራው እኔው መሆኔ ይረጋገጥልኝ» ይበሉ። የስም ለውጥ ከውሳኔው ቀን ወዲህ ላለው ነው፤ ድሮ ግንባር ላይ የነበረውን ወታደር ከዛሬው አመልካች ጋር አያገናኘውም። ምስክሮችዎም ሁለቱንም ስም የሚያውቁ ይሁኑ፤ ከሰፈር ሰው ሌላ አብሮ የዘመተ ቢገኝ ይመረጣል። ስሙን የተጠቀሙበት ወንድም በሕይወት ካለና እርሱም የራሱ ማኅደር ካለው፣ ምንም ነገር በጽሑፍ ከማስፈርዎ በፊት ጠበቃ ያማክሩ።

ዕድሜው ሲዛነፍ

ልዩነቱ ልክ 7 ወይም 8 ዓመት ከሆነ ሌላ መንስኤ አይፈልጉ፤ የዘመን አቆጣጠር ነው። በ1950 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1957 ወይም የ1958 ልጅ ነው። አንዱ ጸሐፊ 1958 ብሎ ጽፎ «እ.ኤ.አ.» የምትለውን ከረሳ ቀጣዩ እንደ እኛ ዘመን ይወስደዋል፤ አባት ወታደር በአንድ ጀምበር ስምንት ዓመት ያንሳሉ። በተገላቢጦሽ 1950ን የፈረንጅ መስሎት ወደ እኛ የመለሰው 1942 ያደርገዋል። ስሌቱን በማመልከቻው ላይ ቁልጭ አድርገው ያሳዩ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ነው።

ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። አሥራ አምስት ዓመቱ ሳለ «18 ነኝ» ብሎ የገባው ልጅ ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ እውነተኛ ዕድሜውን ያነሣል። የጡረታ ሕጉ ግን የሚይዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበውን ዕድሜ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነውና፣ ዛሬ የሚወጣ የልደት ምስክር ወረቀት ያን አሮጌ መዝገብ ይገለብጣል ብለው አይጠብቁ። «እኔ አስተካክልልዎታለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ደላላ ከመጣ ገንዘብዎን ይያዙ።

የትውልድ ቦታው ሌላ አገር ሲመስል

የደርግ ዘመን ወረቀት «ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ» ይላል፤ መታወቂያዎ «አማራ ክልል፣ ሰሜን ሸዋ ዞን»። ይህ ስህተት አይደለም፤ የተለወጠው አስተዳደሩ ነው። መንዝና ግሼ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መርሐቤቴም እንዲሁ አውራጃዎች ነበሩ። የቀድሞው አጠራር ከዛሬው ወረዳና ቀበሌ ጋር አንድ መሆኑን የሚገልጽ መሸኛ ከወረዳዎ ያስጽፉ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በኦሮሚያ ክልልም አለ፤ ከተማው ፍቼ ነው። የዓለም ከተማ ሰው አዲስ አበባ የሚገባው በለሚና በሙከ ጡሪ በኩል ስለሆነ ሁለቱንም ሰሜን ሸዋዎች ያውቃቸዋል፤ ደብዳቤ የሚመራ ጸሐፊ ግን ላያውቅ ይችላል። «ሰሜን ሸዋ» ብቻ ብለው ከጻፉ የማጣሪያ ጥያቄው ፍቼ ሄዶ «እንዲህ ያለ ሰው አይታወቅም» የሚል መልስ ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሁልጊዜ ክልሉን ያስቀድሙ፤ የዞኑ መቀመጫ ደብረ ብርሃን መሆኑንም ይጨምሩ።

አገልግሎቱ ሲያንስ

ኪስ የሚነካው ይህኛው ነው። በጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003 መሠረት 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙን 30 በመቶ ያገኝ ነበር፤ ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለወታደርና ለፖሊስ 1.65 በመቶ ይጨመር ነበር፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነበር። በዚህ ስሌት 22 ዓመት ያገለገለ 49.8 በመቶ ይደርሰዋል። ማኅደሩ 19 ዓመት ብቻ ካሳየ 44.85 ይሆናል። አማካይ ደመወዙ 6,000 ብር ቢሆን በየወሩ 297 ብር ይቀርበታል፤ ያውም ዕድሜ ልኩን። ከ10 ዓመት በታች ሲሆን ደግሞ የሚከፈለው ዳረጎት (የአንድ ጊዜ ክፍያ) እንጂ ወርኃዊ አበል አይደለም፤ ስለዚህ ማኅደሩ ዘጠኝ ዓመት ከአሥር ወር የሚል ሰው የጎደሉትን ሁለት ወራት ሳያገኝ ፊርማውን አያኑር። የ2003ቱን አዋጅ በኋላ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ተክቶታል፤ የስንብት ቀንዎ በየትኛው ሥር እንደሚወድቅ አስቀድመው ይጠይቁ።

አገልግሎት የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነው፦ ከማሠልጠኛ ወደ ክፍል ሲሄዱ፣ ከአንድ ክፍለ ጦር ወደ ሌላው ሲዛወሩ፣ ሆስፒታል ሲተኙ። በ1983 ዓ.ም. ተበትነው በ1990ው የኤርትራ ጦርነት ዳግም የተጠሩም አሉ፤ የእነርሱ አገልግሎት ሁለት ማኅደር ላይ ሊያርፍ ይችላል፣ አንዱ ብቻ ሲቆጠር ሌላው ይረሳል። ዘመናቱን በአንድ ገጽ በተራ ይጻፉ፤ ክፍለ ጦር፣ ብርጌድ፣ ሻለቃ፣ ቦታ። የማያስታውሱትን በግምት አይሙሉ፤ አንድ የተሳሳተ ቀን የቀሩትን ትክክለኞች ያስጠረጥራል። ከማስረጃ ሁሉ የሚበልጠው ፔሮል ነው፣ የጡረታ መዋጮ የተቆረጠው ከእርሱ ላይ ነውና። የዝውውር ትእዛዝ፣ የሥልጠናና የሜዳልያ ምስክር ወረቀት ይከተላሉ። የጓድ ምስክርነት ያግዛል እንጂ ብቻውን አይቆምም።

«ኮብላይ» የሚል ሲገኝ

ከሁሉ የሚያምመው ይህ ቃል ነው፤ እየቆሰለ ያገለገለ ሰው ላይ ተጽፎ ይገኛልና። መንስኤው ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው። ክፍሉ ከቦታው ሲንቀሳቀስ ቁስለኛው ወደ ኋላ ተልኳል ወይም ተማርኳል፤ በስም ጥሪ ያልተገኘ ሁሉ በአንድ ዝርዝር ገባ። የተመዘገበውን የኩብለላ ቀን ይያዙና በዚያ ቀን የት እንደነበሩ የሚያሳይ ወረቀት ይፈልጉ። ለቁስለኛ የሆስፒታል ካርድና የሕክምና ቦርድ ውሳኔ ነው። ከታኅሣሥ 1993ቱ የአልጀርስ ስምምነት በኋላ ለተመለሱ ምርኮኞች ደግሞ ቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ መዝግቧቸው ከሆነ የምርኮ ጊዜን የሚገልጽ ማረጋገጫ ይሰጣል። በማመልከቻው ላይ አለቃ አይክሰሱ፤ ቀንና ማስረጃ ብቻ ያቅርቡ።

ማዕረግን በተመለከተ የዕድገት ትእዛዙ ወጥቶ ወደ ግል ማኅደር ሳይገባ የቀረ ይበዛል፤ ደመወዙ ከፍ ብሎ ከነበረ ፔሮሉ ይመሰክርልዎታል። «በሕመም» እና «በግዳጅ ላይ በደረሰ ጉዳት» መካከል ያለውን ልዩነት ግን አይናቁ፦ በሕመም ለሚወጣ ሰው አበል ለማግኘት 10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል፣ በግዳጅ ላይ ለተጎዳ አይጠየቅም።

ወታደሩ ሲያርፍ

በ714/2003 ለሚስት የአበሉ 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ነበር። እማማ ግን መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ማኅደሩ «ያላገባ» ይላል፤ ቅጹ የተሞላው ወታደሩ ገና ጎረምሳ ሳለ ነው፣ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። የወረዳ ፍርድ ቤት ጋብቻውን በምስክር አረጋግጦ ውሳኔ ይሰጣል። የእርሳቸው ስም በውሳኔው፣ በመታወቂያቸውና በልጆቹ ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆኑን ማኅተም ከማረፉ በፊት ያረጋግጡ፤ ካረፈ በኋላ ውሳኔውን ማሳረም ሌላ መዝገብ መክፈት ነው።

ወረቀቱ ከነጭራሹ ሲጠፋ

አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል፣ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና መንዝ ሲደርስ ብዙ ሰው ሳጥኑን ትቶ ነው የወጣው። የፖሊስ ማስረጃና የወረዳ መሸኛ ይያዙ፤ ከሁሉ በላይ የመለያ ቁጥሩን ያስታውሱ፣ በአሮጌ ፎቶግራፍ ጀርባ ወይም በደብዳቤ ፖስታ ላይ ይገኛል። ያለ ቁጥር በስም ብቻ ማኅደር ማስወጣት ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ማመልከቻው

አንድ ማመልከቻ አንድ ስህተት ብቻ ይያዝ፤ ስምና አገልግሎት አንድ ላይ ሲቀርቡ አንዱ ሲዘገይ ሌላውም ይታሰራል። የተሳሳተው ምን እንደሚል፣ ምን መሆን እንዳለበት፣ ማስረጃው የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ ይጻፉ። ግልባጭ ለማኅበራዊ ዋስትና ያድርጉ። በእርስዎ ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳይጻፍልዎ ከመዝገብ ቤቱ አይውጡ፤ ነገ «አልደረሰንም» ቢባሉ የሚያሳዩት እርሱን ነው። ከግሼ ራቤል አዲስ አበባ መመላለስ ለማይችል ሰው በወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ለልጁ ውክልና መስጠት ይሻላል፤ ውክልናው «ማኅደር አስወጥቶ እንዲያሳርም» የሚል ቃል በግልጽ ይኑረው። በቃል «አይሆንም» ከተባሉ መልሱን በጽሑፍ ይጠይቁ። በጡረታ ውሳኔ ላይ ቅሬታ ካለዎት የሚቀርበው ለማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ነው፤ ጊዜው የሚቆጠረው ውሳኔው ከደረሰዎ ቀን ጀምሮ ስለሆነ የተቀበሉበትን ቀን ፖስታው ላይ ሳይሆን ቅጂው ላይ ይጻፉ።