ፕሮፖሊስ ስንጠቀም የምንሠራቸው ስህተቶች

ከአርማጭሆ ወይም ከደምቢያ ማር የሚልክልን ዘመድ ላለን የጎንደር ሰዎች ፕሮፖሊስ ሩቅ ነገር አይደለም። ንቦች ከዛፍ እንቡጥና ቅርፊት ሙጫ ለቅመው፣ ከሰም ጋር ቀላቅለው የቀፎውን ስንጥቅ የሚደፍኑበት ነገር ነው። ጥቅም አለው። አጠቃቀማችን ግን ያሳስበኛል።

ትልቁ ስህተት «ኢሚዩኒቲ (የሰውነት መከላከያ) ይጨምራል» ብሎ መውሰድ ነው። በፕሮፖሊስ ውስጥ በደንብ ከተጠኑት ውህዶች አንዱ ካፌይክ አሲድ ፌኔታይል ኤስተር ነው፤ ባጭሩ ኬፕ ይሉታል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኬፕ፣ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የተባለውን ፕሮቲን እንደሚያግድ አሳየ። ይህ ፕሮቲን የብግነት ማብሪያ ማጥፊያ በሉት። ሲበራ እብጠትና ሕመም የሚያመጡ ኬሚካሎች ይመረታሉ። ኬፕ እንዳይበራ ይይዘዋል። በላብራቶሪ ቲ ሴል የሚባሉትን የሰውነት መከላከያ ሴሎች መነቃቃትም ሲገታ ታይቷል። ስለዚህ የኬፕ ሥራ በዋናነት ማብረድ ነው። ጉንፋን ሲይዘው በላይ በላዩ የሚውጥ ሰው ይህን ይወቅልኝ።

ሌላው የላብራቶሪን ውጤት እንደ ሐኪም ማዘዣ መቁጠር ነው። እዚያ የተጣራው ውህድ በቀጥታ ሴል ላይ ይጨመራል። የዋጥነው ግን በአንጀትና በጉበት ማለፍ አለበት። ደግሞም ኬፕ በይበልጥ የሚታወቀው እንደ አውሮፓ ንቦቹ የፖፕላር ዛፍ ሙጫ በሚለቅሙባቸው አገሮች ፕሮፖሊስ ነው። የብራዚሉ አረንጓዴ ፕሮፖሊስ መለያው ሌላ ነው፤ አርቴፒሊን ሲ ይባላል። ይዘቱ እንደ ዛፉ ስለሚለያይ ስለ አውሮፓው የተጻፈውን ለአርማጭሆው መስጠት አይሆንም።

«ማር ይስማማኛል፣ ይሄም ይስማማኛል» ማለትም አያዋጣም። ብግነት ያበርዳል ያልነው ኬፕ ራሱ፣ ከቅርብ ዘመዶቹ ጋር፣ ለፕሮፖሊስ አለርጂ ዋና መንስኤ ከሚባሉት ነው። ቆዳ ያሳክካል፣ ሽፍ ያደርጋል፣ ከንፈር ያሳብጣል። አስም ያለበት ወይም ንብ ሲነድፈው ሰውነቱ ክፉኛ የሚቆጣ ሰው በራሱ ፈቃድ ባይጀምር እመርጣለሁ።

ከባህላዊ ቀፎ ፍቆ ቁስል ላይ ማድረግማ በፍጹም! ቀፎው በእበት የተለሰነ ነው። እበት ደግሞ የቴታነስ ጀርም ሊኖረው ይችላል።

ፕሮፖሊስ በውሃ በደንብ ስለማይሟሟ በአረቄ የሚዘፈዝፉትም አሉ። ያንን ለልጅ ወይም ለነፍሰ ጡር መስጠት አልኮል መስጠት ነው።

እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ ወይም የሰውነትን መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስዱ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ። «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» ሲባል ብዙ ሰው ፕሮፖሊስን አይቆጥረውም፤ እናንተ ግን በስሙ ጥሩለት።