ከውጭ የተሰበሰበ ልብስ ወደ አዲስ አበባ ዳር ሰፈሮች ስትልኩ፦ ከልኬት እስከ ኩፖን

ልብስ የሚልክ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከራሱ ቁም ሣጥን ነው። መጀመር ያለበት ግን ከተቀባዩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ዝናብና ጭቃ ነው። ስለዚህ ቱሉ ዲምቱ ወይም ጣፎ ዳር በቆርቆሮ ቤት ለሚኖር ቤተሰብ የሚጠቅመው የልጆች ጃኬት፣ ሹራብ፣ ወፍራም ሱሪና ጭቃ የማያስገባ ጫማ ነው። ለሽማግሌዎች ያልተቀደደ ኮት ሁልጊዜ ተፈላጊ ነው።

ብርድ ልብስ ግን አትላኩ። አንዱ ብቻ 2 ኪሎ ሊመዝን ይችላል፤ ለማጓጓዣ የምትከፍሉትን ገንዘብ ብትልኩ መርካቶ አዲስ ይገዛበታል። ጋቢም ከሽሮ ሜዳ ይገዛል እንጂ ከውጭ አይመጣም።

ከወረዳ ወይም ከትምህርት ቤት ጋር የሚሠራ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ እንዲለካ አድርጉ። ዕድሜ ብቻ መጻፍ ያሳስታል፤ የ7 ዓመት ልጅ ተብሎ የመጣ ልብስ እዚህ ያለውን የ7 ዓመት ልጅ ሊውጠው ይችላል። ቁመት በሴንቲ ሜትር ይጻፍ። አውሮፓ የሚሸጥ የልጆች ልብስ ላይ ያለው 116፣ 122፣ 128 የሚል ቁጥር የልጁ ቁመት ስለሆነ መዝገቡና ልብሱ በቀጥታ ይገናኛሉ። ለጫማ ልጁ ወረቀት ላይ ቆሞ እግሩ በእስክሪብቶ ይከበብና ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ይለካ። በዚያ ላይ 1.5 ደምሩ፣ ውጤቱን በ1.5 አባዙ፤ የአውሮፓ ቁጥር ይመጣል። 18 ሴንቲ ሜትር እግር 29 ቁጥር ይሆናል ማለት ነው። ዕቃው እስኪደርስ ልጁ ስለሚያድግ 30 ያዙለት። በደብተሩ ላይ አንድ መስመር እንዲህ ይመስላል፦ «ቤት 14፣ ሴት፣ ቁመት 118፣ እግር 18፣ ጃኬት የላትም»።

ስትለዩ ጨክኑ። ዚፑ የተበላሸ ጃኬት፣ ብብቱ የቢጫ ነጠብጣብ ያዘ ሸሚዝ፣ ሶሉ የተላቀቀ ጫማ ለሰው አይሰጥም። የውስጥ ሱሪና ካልሲ አዲስ ካልሆነ ይቅር። ወታደራዊ ዥጉርጉር ያለበት ልብስ ለልጅ የተሰፋም ቢሆን አታስገቡ፤ ፍተሻ ላይ ጣጣ ያመጣል፣ ለባሹንም መንገድ ላይ ያስጠይቃል። የቢራ ማስታወቂያና የፖለቲካ መፈክር ያለበትንም እንዲሁ። አጭር ቀሚስና ታኮ ጫማ ተሸክሞ መምጣት ኪሎ ማባከን ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እጥበቱ ላይ ነው። የልብስ ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው ስፌት ውስጥ ነው፤ የሱሪ ወገብና የሹራብ ብብት አካባቢ። ተስቦንና ግርሻን የሚያስተላልፈው ይኸው ቅማል ስለሆነ ነገሩ የንጽሕና ብቻ አይደለም። ጨርቁ የሚችል ከሆነ በ60 ዲግሪ እጠቡ፤ ሙቅ ውኃ የማይችለውን በማድረቂያ ማሽን በከፍተኛ ሙቀት 30 ደቂቃ አዙሩት። በላስቲክ አሽጎ 2 ሳምንት ማቆየት ቅማልን ይገድላል፣ ትኋን ግን ሳይበላ ለወራት ስለሚቆይ ለእሱ ይህን ዘዴ አትመኑ። ናፍታሊንም አትጨምሩ፤ ሽታው አይለቅም፣ ለሕፃናትም አደገኛ ነው።

ከዚያ ማድረቅ። ልብሱ እጅ ላይ ደረቅ መስሎ የጂንስ ኪስና የጃኬት ገበር እርጥብ ሆነው ይቀራሉ። በጅቡቲ በኩል የሚመጣ ካርቶን ሙቀት ውስጥ ሳምንታት ይቀመጣል፤ አንድ እርጥብ ጂንስ ካርቶኑን በሙሉ ያሻግታል። ኪሶቹን ገልብጣችሁ አንድ ቀን ጨምራችሁ አስጡ። ኪስ መገልበጥ ሌላም ጥቅም አለው፦ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ አንዳንዴም የሰው መታወቂያ ይገኛል።

ጫማዎችን በክራቸው ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ካልታሰረ ግማሹ ጎዶሎ ሆኖ ይደርሳል። ልብሱን በቁመት ለዩና በላስቲክ አስራችሁ ቁጥሩን በማርከር ጻፉበት። አየር የሚመጠጥበት ላስቲክ ቦታ ይቆጥባል እንጂ ክብደት አይቀንስም፤ በዚህ የተታለለ ብዙ ነው።

በመንገደኛ ሻንጣ ለሚልክ ሰው ሒሳቡ ይህ ነው። ከሰሜን አሜሪካ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚመጣ መንገደኛ የተለመደው 23 ኪሎ የሚመዝን 2 ሻንጣ ነው፤ ከሌላ አገር ከሆነ ቲኬቱን እዩ። ጎማ ያለው ትልቅ ሻንጣ ባዶውን 4 ወይም 5 ኪሎ ይበላል፣ የናይለን ቦርሳ ግን 1 ኪሎ ገደማ ነው። በናይለን ቦርሳ 25 የልጆች ጃኬት (ግማሽ ኪሎ ሲታሰብ 12.5)፣ 15 ሹራብ (በ300 ግራም 4.5) እና 10 ጥንድ የልጅ ጫማ (በ400 ግራም 4) ይገባል። ከቦርሳው ጋር 22 ኪሎ መሆኑ ነው፤ የቀረውን 1 ኪሎ አትሙሉት፣ የቤትና የኤርፖርት ሚዛን አይስማሙም። የጂንስ ሱሪ አንዱ 600 ግራም ስለሚያልፍ ከማንም በላይ ሻንጣ የሚሞላው እሱ ነው።

ቤይሩትና ዱባይ ከፊሊፒኖች ጋር የሠሩ እህቶች «ባሊክባያን ቦክስ» የሚባለውን ያውቁታል፦ ትልቅ ካርቶን ለወራት ጥቂት በጥቂት ይሞላና በመርከብ እስከ ቤት ደጃፍ ይላካል። ፊሊፒንስ ውስጥ በ2016 እንደ ፈረንጆች የወጣው የጉምሩክ ሕግ ውጭ የሚሠራ ዜጋ በዓመት እስከ 3 ጊዜ፣ በድምሩ እስከ 150,000 ፔሶ የሚያወጣ የቤተሰብ ዕቃ ያለ ቀረጥ እንዲልክ ይፈቅዳል። ያው አገር ልባሽ ልብስ ለንግድ ማስገባትን ከ1966 እንደ ፈረንጆች ጀምሮ ከልክሏል። ካርቶን የመሙላት ልማዱ የሚቀዳ ነው፤ መብቱ ግን የእነሱ ሕግ ስለሆነ እኛ ጋ ይሠራል ብላችሁ ካርቶን እንዳትጭኑ።

እኛ ጋ ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው። ሻንጣ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ አንድ ቀለም፣ የዋጋ ወረቀት ያልተነሣለት ከሆነ የንግድ ዕቃ ይመስላል። ወረቀቱን አንሡ፣ ዓይነቱን ቀላቅሉ፣ ሲጠየቅ የሚታይ ዝርዝር ያዙ፣ የሚጠየቀውንም በእውነት መልሱ። በኮንቴይነር ወይም በብዙ ካርቶን የሚላክ ከሆነ ግን በግለሰብ ስም አይሞከርም። ተቀባዩ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን የተመዘገበ ድርጅት ይሁን፤ የምዝገባ ሰርተፍኬት፣ የስጦታ ደብዳቤና በካርቶን የተለየ የዕቃ ዝርዝር ይዘጋጅ። ዕቃው ከመጫኑ በፊት ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ተቀጥሮ ምን ፈቃድና ምን ሰርተፍኬት እንደሚጎድል በጽሑፍ ይንገራችሁ። የድርጅቱ ስም በጭነት ሰነዱ ላይ በሰርተፍኬቱ ላይ ካለው በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለይ፤ «ኤች» ገባ፣ «ዋይ» ቀረ እየተባለ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲቀመጥ የመጋዘን ክፍያው የልብሱን ዋጋ ይበላል። ዕቃው ባሕር ላይ እያለ ደብዳቤ መጠየቅ ከሁሉም የከፋው ስሕተት ነው።

በመርከብ ከሆነ 3 ወር ቁጠሩ። ክረምት ሲገባ ወደ ዳር ሰፈር የሚወስደው መንገድ ጭቃ ይሆንና አይሱዙ እንኳ ይቀበራል፤ ስለዚህ ግንቦት ላይ እንዲታደል ጭነቱ የካቲት ይነሣ።

የወረዳ ደብዳቤ ስትጠይቁ ሰፈሩ የማን እንደሆነ አረጋግጡ። «ጣፎ» የሚባለው አንዱ ወገን የአዲስ አበባ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው፣ ሌላው በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ ሥር ነው። ቱሉ ዲምቱ የአዲስ አበባ ሆኖ አጠገቡ ኮዬ ፈጬ የሸገር ነው። የአንዱ ደብዳቤ ለሌላው አይሠራም።

የተረጂዎች ዝርዝር ከዕድር ብቻ አይወሰድ። ዕድር አባሉን ያውቃል፤ ዳር ሰፈር ግን በጣም የተቸገረው ብዙ ጊዜ ተከራዩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ የግንባታ ዘበኛው ነው፣ እሱ ደግሞ ዕድር ውስጥ የለም። የሴፍቲኔት ዝርዝርን፣ የትምህርት ቤት መምህራንንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ጠይቃችሁ አስተያዩ። በሁለት ዝርዝር የተደገመው ይጣራ፣ በአንዱም የሌለው ይፈለግ።

ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥርና ማኅተም ያለው ኩፖን ስጡ፣ ሰዓቱንም ጻፉበት። በሰዓት 15 ቤተሰብ ይበቃል፤ 60 ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ከተጠራ በሩ ላይ ግፊያ ይሆናል፣ ጉልበተኛው ይወስዳል። ግቢው ውስጥ ሸራ አንጥፋችሁ ገመድ ዘርጉ፤ ጃኬቶቹ በቁመት ተራ ይሰቀሉ፣ እናትየዋ ልጇን ይዛ ገብታ ራሷ ትምረጥ። ታሽጎ ከተሰጣት ቤት ስትፈታው አይሆንም፣ በማግሥቱም ልብሱ ገበያ ላይ ይታያል። ለመለካት የሚሆን ትንሽ መጋረጃና መስተዋት ይኑር። ሲወጡ ሁለት ሰው ይፈርም፤ አንዱ የሰፈሩ፣ አንዱ የላኪው ወገን። የልጆችን ፊት ፎቶ አታንሡ፤ ለላኪዎች የተሰቀለው ልብስና የተፈረመበት ወረቀት ይበቃቸዋል።

የመጨረሻው ኩፖን ከገባ በኋላ ሳይወሰድ የቀረውን እዚያው በሰው ፊት ቁጠሩና ጻፉ፦ 9 የአዋቂ ቲሸርት፣ 4 ጥንድ 43 ቁጥር ጫማ፣ የ104 ቁመት ጃኬት ግን አልቆ 6 ልጅ ባዶ እጁን ተመልሷል። ይህ ወረቀት ቁጥሩ ሳይነካ ለላኪዎቹ ይላክ፤ ለሚቀጥለው ካርቶን የሚሰበሰበው እሱ ላይ ጎደለ የተባለው ነው።