ኔሮሊ የብርቱካን ሽታ አይደለም፦ ሽቶ ስትቀምሙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ ብልቃጥ ይዛ መጣች። "ኔሮሊ ገዛሁ፤ ደግሞ እንዴት ረክሶ መሰለሽ!" አለችኝ። ከፈተችው። አሁን የተላጠ ብርቱካን ሸተተኝ። የልጣጭ ዘይት ነው፤ ኔሮሊ ደግሞ የአበባ ዘይት ነው። ደስታዋን ሳይ መናገሩ ከበደኝ፤ እኔም ስጀምር ያንኑ ዓይነት ብልቃጥ በኩራት ገዝቻለሁ። ግን በዚህ ዓመት ብቻ አራተኛዋ ናትና ዛሬ ልናገር።

ኔሮሊ የሚወጣበት ዛፍ መራራ ብርቱካን ነው። ገዝተን የምንበላው አይደለም፤ የዚህ ፍሬ ይመራል፣ ይኮመጥጣል፣ ማርማላታ ይሠራበታል። አበባው እንደ አረቄ ይወጣል። ድስቱ ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቧንቧ ሄዶ ይቀዘቅዛል፣ ይንጠባጠባል። ከላይ የሚንሳፈፈው ስስ ዘይት ኔሮሊ ነው። ከሥሩ ያለው ውሃ የብርቱካን አበባ ውሃ ነው። ያው አበባ በእንፋሎት ሳይሆን በሚያሟሟ ኬሚካል ሲወጣ ደግሞ ጠቆር ያለና ከበድ ያለ ነገር ይሰጣል፤ አብሶሉት ይባላል። ቅጠሉና ቀንበጡ ሲፈላ ፔቲግሬን ይሆናል። ልጣጩ ሲጨመቅ የልጣጭ ዘይት። አንድ ዛፍ፣ አምስት ዕቃ። አምስቱም በየመደብሩ "ብርቱካን" ተብለው ይሸጣሉ፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

ቤይሩት የሠራችሁ እህቶቼ አንዱን በደንብ ታውቁታላችሁ። ማዳም ኬክ ላይና ጣፋጭ ላይ የምታንጠባጥበው "ማ ዘህር" የአበባው ውሃ ነው። የእኔዋ ከእራት በኋላ ሙቅ ውሃ ላይ ጠብ ታደርግና "ነጭ ቡና" ትለው ነበር። ቡና የሌለበት ቡና! መጀመሪያ ቀን የምትቀልድብኝ መስሎኝ ነበር። ለሽቶ ፍቅር የያዘኝ ግን ከዚያ ስኒ ነው። ውሃው ግን ዘይት አይደለም። አልኮል ላይ ጨምራችሁ "ሽታው የት ገባ?" አትበሉኝ።

ስለ ዋጋው እናውራ። አንድ ኪሎ ኔሮሊ ለማውጣት አንድ ቶን ገደማ አበባ ያስፈልጋል። ቱኒዚያ ውስጥ ናቡል አካባቢ በመጋቢትና በሚያዝያ ከዛፉ ሥር ጨርቅ ይነጠፋል፤ ሴቶች መሰላል ላይ ወጥተው አበባውን አንድ በአንድ በእጅ ይለቅማሉ። አንድ ቶን አበባ እንዲህ ሲለቀም አስቡት። ኪሎው በሺህ ዶላሮች የሚሸጠው ለዚህ ነው። ታዲያ አንድ ብልቃጥ ሙሉ ኔሮሊ በምሳ ዋጋ ሲሰጧችሁ ማን የከሰረ ይመስላችኋል? እኛ አገር ዝባድ ላይ ቅቤ እንደሚቀላቀልበት ሁሉ ኔሮሊ ላይም ፔቲግሬን ይቀላቀልበታል፤ ወይም ፋብሪካ የሠራው ሊናሎል የሚባል የሽታ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። ማሽተቻ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉና አንድ ሰዓት ጠብቁ። ደህናው ኔሮሊ መጀመሪያ አረንጓዴና መረር ያለ ነው፤ ቆይቶ አበባው ይወጣል፤ በመጨረሻ ትንሽ ማር ማር ይላል። ፔቲግሬን የበዛበት ግን ከቅጠልና ከእንጨት ሽታ አይላቀቅም። ይህ እርግጠኛ ማረጋገጫ አይደለም፤ እርግጠኛው የላብራቶሪ ምርመራ ነው። ግን ግልጹን ማጭበርበር አፍንጫ ይይዘዋል።

ሁለተኛው የጀማሪ ስህተት አብሶሉቱን እንደ ኔሮሊ መጨመር ነው። አብሶሉቱ ውስጥ ኢንዶል የሚባል ነገር አለ። ጃስሚንም ውስጥ አለ። በጥቂቱ ሲሆን አበባውን ሕያው ያደርገዋል። ሲበዛ የአያቶቻችንን ሣጥን ይሸታል፤ አዎ፣ ናፍታሊን። አንዴ "ትንሽ ልጨምርለት" ብዬ አንድ ጠርሙስ ሙሉ አበላሽቻለሁ። ባለቤቴ "የብል መድኃኒት ነው እንዴ?" አለኝ። ለሁለት ቀን አኮረፍኩት፤ እውነቱን ነበር።

ስለዚህ ሁለቱንም ሳታቀጥኑ አታሽቱ። ኔሮሊን በ10 ፐርሰንት፣ አብሶሉቱን በ1 ፐርሰንት አልኮል ውስጥ አቅጥኑ። ጠብታ አትቁጠሩ፤ አብሶሉቱ ስለሚከብድ ጠብታው እኩል አይወርድም። ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙባትን ዓይነት ትንሽ ሚዛን ግዙ። 0.01 ግራም የምትለይ ትበቃችኋለች።

አልኮሉ ደግሞ አረቄ አይደለም! አንዱ ተማሪዬ የእናቱን ዳግም አረቄ ይዞ መጣ። "ንጹሕ ነው፣ እናቴ ናት ያወጣችው" ይላል። እናቱን አከብራለሁ፤ ግን አረቄ ውስጥ ብዙ ውሃ አለ። ዘይቱ ሲገባበት ወዲያው ወተት መሰለ። ለሽቶ የሚሆነው 95 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ ነው። አረቄውን ጠጣነው።

ነጭ ልብስ ላይ አትርጩ። ይህን የተማርኩት በአክስቴ ልጅ መልስ ዕለት ነው። አብሶሉት ያለበት የአበባ ሽቶ ቀምሜ ሰጠኋት፤ የሐበሻ ቀሚሷ አንገት ላይ ረጨችው። ማታ ሲታይ ጥለቱ አጠገብ ቢጫ ቀለበት ሠርቷል። አብሶሉቱ ራሱ ባለ ቀለም ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሜቲል አንትራኒሌት የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ ይህ አልዲሃይድ ከሚባሉት የሽታ ዓይነቶች ጋር ሲገናኝ እያደር ቀለሙ ይጠነክራል። ቅምሙ መጀመሪያ ቀን ፈዛዛ ነበር። በወሩ ሻይ መሰለ። እኔ ደግሞ "በሰለ" ብዬ ተደስቼ ነበር።

የልጣጭ ዘይት የነካው ቆዳ ፀሐይ አያግኘው። በተለይ ተጨምቆ የወጣው የመራራ ብርቱካን ልጣጭና ቤርጋሞት የሚባለው የብርቱካን ዘመድ ቆዳ ያቃጥላሉ፣ ጠባሳ የመሰለ ጥቁር ምልክት ይተዋሉ። ኔሮሊ ራሱ ይህ ችግር የለበትም። ኮሎኝ ስትቀምሙ ግን ኔሮሊውና የልጣጭ ዘይቱ አብረው ይገባሉ፤ ስለዚህ መጠኑን ተጠንቀቁ። (የፋሪና ሽቶ ቤት ጀርመን ኮሎኝ ከተማ ውስጥ የተከፈተው በ1709 እ.ኤ.አ. ነው። ኔሮሊና ቤርጋሞት ከዚያ ዘመን ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው።)

"ለምን ቶሎ ይጠፋል?" ብላችሁ ደግሞ ኔሮሊውን እጥፍ አታድርጉት። ኔሮሊ ተፈጥሮው ቸኳይ ነው፤ ብትጨምሩበት ገንዘባችሁ ነው አብሮት የሚተነው። ከሥሩ የሚይዘው ነገር ስጡት፤ ምስክም ሆነ እንጨት፣ ወይም በጣም ትንሽ አብሶሉት። የእኛ እጣን ዘይት ጥሩ ጓደኛው ነው። የመተማው እጣን ዘይት አብዛኛው ኦክቲል አሴቴት ነው፤ እሱ ራሱ ብርቱካን ብርቱካን ይላል። ግን ያቆይልኛል ብላችሁ አትጠብቁ፤ የእጣኑ ዘይትም ቸኳይ ነው። የሚቆየው ሙጫው ነው።

ብልቃጡን መስኮት ላይ አታስቀምጡ። ጎደል ሲልም ወደ ትንሽ ብልቃጥ ገልብጡት፤ አየር ያበላሸዋል፣ የተበላሸው ደግሞ ቆዳ ያሳክካል።

አንዱን ስህተት ግን እስካሁን አልተውኩትም። ከሦስት ዓመት በፊት ጅማ ሄጄ ቡና ሲያብብ አሸተትኩ። የቡና አበባ ከብርቱካን አበባ ብዙም አይርቅም። ተመልሼ በዚያው ስሜት አንድ ምሽት ቀመምኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተሳካልኝ የለም። አሁን ሁለት ጣት ያህል ቀርቷል። ምን ምን ያህል እንደገባበት አልጻፍኩም። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሑፍ "ጥሩ" ብቻ ነው።