ውጩ ከሰል፣ ልቡ ጥሬ የሆነብኝ አርቲቾክ

አርቲቾክን (ሳይፈነዳ እምቡጡ የሚበላ አትክልት ነው) ፍም ላይ መጥበስ ሁለት ጊዜ ከሽፎብኛል። አርቲቾኩን ለሁለት ሰንጥቄ በቀጥታ ፍም ላይ ባስቀምጠው የቅጠሉ ጫፍ ከሰል ሆነ፤ ልቡ ግን ጥርስ የማይበግረው ጥሬ ነበር። የቀባሁት ቅቤ እየተንጠባጠበ ነበልባል አስነሣ፤ ነጭ ሽንኩርቱም አርሮ መረረ።

ጥፋቱ የእሳቱ ሳይሆን የቅደም ተከተሉ ነበር። አርቲቾክ ጥቅጥቅ ያለ እምቡጥ ስለሆነ ሙቀቱ ልቡ ጋ ሳይደርስ ላዩ ያርራል። ስለዚህ በሦስተኛው ሙከራ አስቀድሜ በእንፋሎት አበሰልሁት፤ መካከለኛ መጠን ያለው 25 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ቢላዋ ግንዱ ሥር ሲወጋ ያለ ትግል ከገባ በቂ ነው። ከዚያ ለሁለት ሰንጥቄ መሃሉ ላይ ያለውን ጸጉር በማንኪያ ፍቄ አወጣሁ (ይህን የዘለለ ሰው እንግዳውን ጉሮሮው ላይ ያንቀዋል)፤ ውሃውንም በንጹሕ ጨርቅ አደረቅሁት። እርጥብ ከሆነ መልኩ አይቀላም።

ቅቤውን ደግሞ ከፍሙ አራቅሁት። በውስጡ ያለው የወተት ቅሪት ቶሎ ስለሚያርር ለጥብሱ የወይራ ዘይት ብቻ ቀባሁ፤ የተቆረጠውን ፊት ወደ ታች አድርጌ መካከለኛ ፍም ላይ 4 ወይም 5 ደቂቃ አቆየሁት። ቅቤው ለብቻው በቀስታ ቀለጠ፤ ከእሳት ካወረድሁት በኋላ የደቀቀ ነጭ ሽንኩርት፣ የተፋቀ የሎሚ ልጣጭና ጨው ጨመርሁበት። የሽንኩርቱን ጥሬነት ለመስበር የቅቤው ሙቀት ብቻውን በቃ።

ቅጠሉን እየነቀሉ ቅቤው ውስጥ እያጠቀሱ ሥሩን በጥርስ መጋጥ ነው። ከዚያ በኋላ የምትጠጡት ውሃ ቢጣፍጣችሁ አትደነቁ፤ በአርቲቾክ ውስጥ ያለው ሳይናሪን የተባለ ንጥረ ነገር ምላስን ያታልላል።